መልስ፦ ከድሬዳዋ በላይ ካለው ከደንገጎ ተራራ ሥር የሠራነው ክትር በመጀመሪያው ዝናብ ለምን ፈረሰ?

ክትር ቦረቦርን፣ ማለትም ጎርፍ የቆፈረውን ቦይ፣ አቋርጦ ውሃውን የሚያበርድ የድንጋይ ካብ ነው። የፈረሰባችሁ በድንጋይ ማነስ አይደለም። «መሃሉ ቆሞ ዳርና ዳሩ ተበላ» ካላችሁ፣ ውሃው በላዩ የሚያልፍበት አጥቶ በጎን ዞሯል ማለት ነው። አናቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ደርድራችሁታል፤ ክንፎቹንም፣ ማለትም ሁለቱን ጫፎች፣ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ አላስገባችሁም።

ስትጠግኑት፦

1. መሠረቱን 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ክንፎቹንም በሁለቱም በኩል ቢያንስ ያንኑ ያህል ወደ ግድግዳው አስገቡ፤ አፈሩ አሸዋማ ከሆነ እስከ 1 ሜትር።
2. መሃሉን ከዳሮቹ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ማሳለፊያው ይህ ነው፤ ጎርፉ በዚያ ብቻ ይለፍ።
3. ውሃው በሚወድቅበት በታች በኩል ትልልቅ ድንጋይ አንጥፉ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ እግሩ ሥር ይቦረቦርና ክትሩ ወደ ፊት ይደፋል።

ከወንዝ የሚለቀም ድቡልቡል ድንጋይ አይያያዝም፣ ይንሸራተታል። ማዕዘን ያለውን ምረጡ። ከፍታው ከመሬት እስከ ማሳለፊያው ከ1 ሜትር አይብለጥ።

አንድ ክትር ብቻውን አይበቃም። የታችኛው ክትር ማሳለፊያ ከላይኛው ክትር እግር ጋር በውሃ ልክ እኩል ይሁን፦ ቦረቦሩ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ማሳለፊያው 1 ሜትር ከፍ ያለ ክትር በየ10 ሜትሩ ማለት ነው።

ሥራ ላይ ሳላችሁ ድሬዳዋ ፀሐይ ስለሆነ አትዘናጉ። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ከተማዋን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ ከላይ ከተራራው የመጣ ነው። ደንገጎ ላይ ከጠቆረ ከቦረቦሩ ውጡ፤ አካፋውን እዚያው ተዉት።