ድንገተኛ ሞት ቁጣ ነው እንዴ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ከረሙ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎ። በወጣትነታችን ለአንድ ክለብ አብረን የሮጥን ጓደኛዬ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ልምምድ ላይ እንዳለ ወድቆ በዛው ቀረ፣ ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። የዛን ቀን ሌሊት እንውጣ ብሎ ደውሎልኝ ነበር፣ ብርዱን ፈርቼ ቀረሁ። ለቅሶው ላይ ደግሞ "ሳይናዘዝ ተቀጠፈ፣ ቁጣ ነው" ሲሉ ሰማሁ፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ቁጣ ነው? የሩጫ ጫማውም እኔ ጋ ቀርቷል፣ የሞተ ሰው ጫማ አይደረግም ይሉኛል፣ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ እግዚአብሔር ያጽናህ። ስለ ፍትሐቱ ስለ አርባው አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። እኔን የቆረቆረኝ ድንኳን ውስጥ የሰማኸው ወሬ ነው። ስንቴ ሰማሁት መሰለህ! አንዱ በመኪና ሲሞት፣ አንዷ በወሊድ ስትሞት፣ አንዱ ተኝቶ ሳይነሳ ሲቀር፣ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወተ ፍርድ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም።

ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ስንጸልይ ከድንገተኛ ሞት ሰውረን እንላለን አይደል፣ ሰዉ ይሄን ይሰማና እንግዲያው በድንገት የሞተ ሁሉ የተጣለ ነው ይላል። ጸሎቱ እኮ እኛ ሳንዘጋጅ እንዳንያዝ ነው እንጂ በሞተው ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድል፣ እነዚህ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋል? አይደለም ብሎ ጌታ ራሱ መልሶታል (ሉቃ 13፥4)፣ ንስሐ ግቡ ያለውም ቆመው የሚሰሙትን ነው። ደግሞ ሳይናዘዝ ያለው ሰውዬ፣ ጓደኛህ ከንስሐ አባቱ ጋር ሲነጋገር መሃል ተቀምጦ ነበር እንዴ?

ሯጭ ስለሆንክ ስለ አበበ ቢቂላ ልጠይቅህ። የዚሁ የኛ አገር፣ የጃቶ ልጅ ነው። 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ 1957 ቶኪዮ ላይ በጫማ ማራቶን አሸነፈ፣ 1961 ላይ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፣ ከዛ አራት ዓመት ከምናምን በዊልቸር ኖሮ ጥቅምት 1966 በ41 ዓመቱ አረፈ። እሱ ጊዜ ተሰጠው፣ ያንተ ጓደኛ አልተሰጠውም፣ ታዲያ እግዚአብሔር የተቆጣው የትኛውን ነው? አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ ድንኳን ውስጥ ያለውም አያውቅም።

ስለ ስልኩ ደግሞ። አልዓዛር ሲሞት ማርታም ማርያምም "አንተ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር" አሉት። ጌታ አልተቆጣቸውም፣ አለቀሰ። አንተም ብትወጣ ኖሮ ምናልባት ሰው ትጠራ ነበር፣ ምናልባትም እጅህ ላይ ይሞት ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ መፍራት ነፍስ ማጥፋት አይደለም፣ በዚህ ብርድ ኪዳን ያመለጠኝ ቀን አለ እኔ ራሴ። ለንስሐ አባትህ አንዴ ንገራቸውና ይብቃ፣ ሌሊት ሌሊት ራስህን ችሎት አታቁም።

ማልቀሱን ግን አልቅስ። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ "ከንስር ይልቅ ፈጣኖች" አላቸው (2ሳሙ 1፥23)፣ እኔ ሳነበው ሁሌ ሯጭ ለሯጭ ያለቀሰው ይመስለኛል። እሱ ግን በለቅሶ ብቻ አልቀረም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ዮናታን ብዬ ቸርነት የማደርግለት ሰው ቀርቷል ወይ ብሎ አስጠየቀና ሁለቱም እግሮቹ ሽባ የሆኑትን ልጁን ሜምፊቦስቴን አስመጥቶ ከራሱ ማዕድ አበላው (2ሳሙ 9)። የዛ የፈጣኑ ልጅ መራመድ የማይችል ነበር እንግዲህ። ጓደኛህ ልጅ ይኑረው አይኑረው አልጻፍክልኝም፣ ካለው አሁን ሰው ሞልቷልና አትቸኩል፣ ድንኳኑ ሲነሳ ዘመድ ሲበተን ያኔ ነው ቤቱ የሚቀዘቅዘው፣ ያኔ ሂድ፣ ደብተሩን እይለት፣ ቅዳሜ ይዘኸው ውጣ።

ጫማው ምንም የለበትም ባክህ፣ የሞተ ሰው ጫማ አይደረግም የሚል ሥርዓት የለንም። ቤተሰቡን አስፈቅድና ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ በኮንጎ ጫማ ልምምድ የሚወጣ ልጅ አለ።