ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ማራገቢያውን እይ

ጥያቄ፦ ጅማ ነው የምኖረው። እ.ኤ.አ. የ2010 ቶዮታ ፕሪየሴ (በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ ሃይብሪድ) ቤንዚን መብላት ጀምሯል። የባትሪው ምልክት ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ይወርዳል፤ ከኋላ ወንበር በኩል የማራገቢያ ጩኸት አለ። ግቤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ ይጮኻል። ቡና በጆንያ ኋላ ወንበር ላይ እጭናለሁ። አንድ ጋራዥ ሁለት ሴል ቀይሮልኝ ነበር፤ አሁን ሙሉ ባትሪ ግዛ ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ቡናውን ስትጠቅስ ነው ነገሩ የገባኝ። ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ያለው ወንፊት መሳይ ፕላስቲክ የባትሪው አየር መግቢያ ነው። ጆንያው ይደፍነዋል፤ አቧራና ገለባው ማራገቢያው ውስጥ ይገባል። ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ፍሬን ስትይዝ የሚመነጨውን ኃይል መቀበል ይቀንሳል። ያ ኃይል የፍሬን ሸራው ላይ በሙቀት ይባክናል፤ አንተም በቤንዚን ትተካዋለህ።

የግቤው ጩኸት ግን ብልሽት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ላስላልህ። መኪናው ከነጭነቱ 1600 ኪሎ ቢሆንና 600 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይለቃል። ባትሪው ጠቅላላ የሚይዘው 1.3 ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዕድሜው እንዳያጥር ከ40 እስከ 80 በመቶ አካባቢ ብቻ ያሠራዋል፤ ይህ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ባትሪው ይሞላል። የተረፈው የት ይሂድ? ጀነሬተሩ ሞተሩን ያለ ቤንዚን ያሽከረክርበታል፤ የምትሰማው እሱን ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሹን "ቢ" (B) ላይ አድርግ፤ ሞተሩ ፍሬኑን ያግዛል፣ ሸራህ ይተርፋል። ከተማ ውስጥ ግን "ቢ"ን ተወው።

ወደ ሥራው። መኪናውን አጥፋ፣ ቁልፉን አርቅ። የኋላ በሩን ክፍት ትተህ የ12 ቮልቱን ነጋቲቭ ፍታ። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን፣ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያቋርጠውን ብርቱካናማ መንቀያ አውጥተህ ኪስህ ክተተው፤ 10 ደቂቃ ጠብቅ። መንቀያውን ስታወጣ የምታደርገው ጓንት 1000 ቮልት የሚችል የኤሌክትሪክ ጓንት ይሁን፤ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው የጎማ ጓንት አያድንህም። መንቀያው ቢወጣም የባትሪው ሳጥን ውስጥ ኃይል አለ። ሙሉው 201.6 ቮልት ነው፣ ይገድላል። ብርቱካናማ ሽቦ አትንካ።

የጎኑን ፕላስቲክ አንሳ፣ ማራገቢያውን በ10 ቁልፍ ፍታ፣ ምላጮቹን በደረቅ ብሩሽ አጽዳ። ውሃ አታስነካው። በኮምፕሬሰር ወደ ባትሪው አትንፋ፤ ቆሻሻውን ወደ ሴሎቹ ትገፋዋለህ።

ገጥመህ ስትጨርስ፣ ጆንያውን ከወንፊቱ አርቀህ፣ ወደ ጅሬን ውጣና ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ እየያዝክ ውረድ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ካገኘህ የባትሪውን ሙቀትና የ14ቱን ብሎኮች (ሁለት ሁለት ሴል የያዙ ክፍሎች) ቮልቴጅ እይ። ዳገት ላይ አንዱ ከሌሎቹ 1 ቮልት ያህል ከወረደ የምጠረጥረው ጋራዡ የቀየረልህን ሁለት ሴሎች ነው። ከሌላ ያረጀ ባትሪ የተነቀለ ሴል አቅሙ ሳይለካ መግጠም፣ ማራገቢያውንም ሳያጸዱ መዝጋት፣ ሰውን ለሁለተኛ ወጪ መዳረግ ነው። በጣም ያናድደኛል።

ብሎክ ከወረደ ሳጥኑን ራስህ እንዳትከፍት፤ ብርቱካናማውን ሽቦ ደግሜ የምነግርህ ለዚህ ነው። ሃይብሪድ የሚያውቅ ባለሙያ ጋር ውሰደው፤ የሚገጥመውን ሴል አቅም የለካበትን ውጤት ካላሳየህ አታሠራ።