የሴራሚክ ኮምፖዚትን እንከን ሳይሰብሩ መለየት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ገበያ ላይ የሸክላ ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ከድምፁ ስንጥቁን ይለያል። ለአውሮፕላን ሞተር የሚውለው ሴራሚክ ኮምፖዚትስ ሳይሰበር የሚመረመረው እንዴት ነው? አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ለብረት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለዚህ ቁስ ግን አይበቃም። ቁሱ ሲሊከን ካርባይድ ከሚባል ጠንካራ ሴራሚክ ክሮች ተሸምኖና ተደራርቦ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው በዚያው በሲሊከን ካርባይድ የሚሞላ ሲሆን፣ ሙሌቱ ፍጹም ስለማይሆን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። የተለመደው አልትራሳውንድ ድምፁን ለማሻገር ውሃ ወይም ጄል ይፈልጋል፤ ክፍት ቀዳዳ ያለው ቁስ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ቀዳዳዎቹም ድምፁን ይበትኑታል። ድምፁን በአየር የሚያሻግሩ መሣሪያዎች ቢኖሩም፣ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ስለሚጠቀሙ ትንንሽ እንከኖችን አይለዩም።

ስለዚህ በሙቀት ምርመራ መጀመርን እንመርጣለን። የቁሱ ገጽ በኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ ለቅጽበት ይሞቅና ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ገጹ በኢንፍራሬድ ካሜራ ይቀረጻል፤ ድርብርቦቹ በተላቀቁበት ስፍራ የገባው አየር ሙቀቱን ስለሚያግደው፣ ከበላዩ ያለው ገጽ ከአካባቢው ዘግይቶ ይቀዘቅዛል። ምርመራው ፈጣን ነው፣ ንክኪም አይፈልግም። ይሁን እንጂ ስፋቱ ከጥልቀቱ የሚያንስ እንከን በዚህ መንገድ በግልጽ አይታይም።

ተራ ኤክስሬይ ቀዳዳን ያሳያል እንጂ ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነ ስስ መላቀቅን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ እንዲህ ያለው መላቀቅ ጨረሩ የሚያልፍበትን ውፍረት እምብዛም አይቀንሰውምና። በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ይህን ይሞላል፤ ውድና አዝጋሚ በመሆኑ ግን የሙቀት ምርመራው ያጠራጠረውን ለማረጋገጥ ቢውል ይሻላል።

አብልጠን ልናሳስብዎ የምንወደው ስንጥቅ ሁሉ ቁሱን እንደማያስጥል ነው። ክሮቹ ብዙ ጊዜ በቦሮን ናይትራይድ በስሱ ስለሚለበጡ፣ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ቁሱም እንደ ተራ ሴራሚክ በአንዴ አይሰበርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ሊፕ ሞተር ውስጥ የተርባይኑን ምላጮች የሚከብበው ክፍል ከዚህ ቁስ የተሠራው አንድም ለዚህ፣ አንድም ከኒኬል ቅይጥ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ነው። ስለዚህ መርማሪው የትኛው እንከን፣ በምን መጠንና በየት ቦታ ሲገኝ ቁሱን እንደሚያስጥል አስቀድሞ መወሰን አለበት።

በተግባር ለመሞከር ካሰቡ፣ በሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ ጥልቀታቸውና ስፋታቸው የታወቀ፣ ወደ ፊት ያልዘለቁ ጉድጓዶች ይቦርቡሩ፤ ፊቱን አሙቀው በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲያዩ የትኞቹ እንደታዩና የትኞቹ እንደተሰወሩ ይመዝግቡ።