ለሕዝብ ትርኢት የትኛው የሰርጓጅ መርከብ ሞዴል ይሻላል? ከጎንደር ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

የተከበሩ መምህር፣

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የትምህርት ቤትዎ የሳይንስ ክበብ በጥር ወር፣ ከተማችን በጥምቀት እንግዶች በምትሞላበት ሰሞን፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ተመልሶ የሚወጣ የሰርጓጅ መርከብ ሞዴል ለሕዝብ ለማሳየት ማቀዱንና ሦስት አማራጮች እንደቀረቡላችሁ ገልጸዋል። አንደኛው በርካሽ የሚገኝ አነስተኛ መጫወቻ ነው፤ ሁለተኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የተጠቀሙበት ዓይነት ሰባት ሲ የተባለው ሰርጓጅ ነው፤ ሦስተኛው ስኪፕጃክ የተባለችው የአሜሪካ የኒውክሌር ሰርጓጅ ናት። የኋለኞቹ ሁለቱ በ1፡72 ልኬት የተዘጋጁ ተገጣጣሚ ሞዴሎች ናቸው። እኔም ከጥቂት የቴክኒክ ኮሌጅ ወጣቶች ጋር እዚሁ ጎንደር እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን ገጣጥሜ በመዋኛ ገንዳ ያሳየሁ ስለሆነ፣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ምርጫዬ ስኪፕጃክ ናት፤ ነገር ግን በፒስተን የሚሠራ የውኃ ታንክ ተገጥሞላት፣ በ40 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ የምትታዘዝና ደማቅ ቀለም የተቀባች ልትሆን ይገባል። ከሞዴሉ ስም ይልቅ እነዚህ ሦስቱ ነገሮች ትርኢቱን ያሳካሉ ወይም ያበላሻሉ፤ ምክንያቱም የምትመርጡት ለመደርደሪያ የሚሆን ቅርስ ሳይሆን ከገንዳው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሕዝብ በግልጽ አይቶ የሚረዳው ማሳያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአጠላለቁን ዘዴ መለየት ያስፈልጋል። ሞዴሎች በሁለት መንገድ ይጠልቃሉ። አንዳንዶቹ ምንጊዜም ከውኃው ጥቂት ቀለል ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ፊት እየተነዱ የመጥለቂያ ክንፎቻቸውን ወደ ታች ሲያዘነብሉ የውኃው ግፊት ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ በራሳቸው ይንሳፈፋሉ። እነዚህ ርካሽና ከመጥፋት የራቁ ናቸው። ሌሎቹ ግን እንደ እውነተኛው ሰርጓጅ ታንካቸው ውስጥ ውኃ አስገብተው ባሉበት ቦታ ቀስ ብለው ይሰምጣሉ፣ በውኃው መካከል ይቆማሉ፣ ውኃውን አስወጥተው ይነሳሉ። ሁለቱንም ዓይነት ለሕዝብ አሳይተን የተመለከትነው ልዩነት ሰፊ ነበር። እየተነዳ የሚጠልቀው ሞዴል ገንዳውን ሲዞር ተመልካቹ ለትንሽ ጊዜ ይከተለውና ወሬውን ይቀጥላል። ባለ ታንኩ ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ መጀመሪያ ጀርባው ቀጥሎም ማማው ከጫፉ በቀር በውኃ ሲሸፈን ወሬው ሁሉ ያቆማል፤ ሕፃናቱም «ሰመጠ? ተበላሸ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአርኪሜድስን ሕግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ አንድ ሊትር ውኃ ሲገባ አንድ ኪሎ ግራም ያህል እንደሚጨምር ልጁ በዓይኑ እያየ ስለሚሰማ በቀላሉ አይረሳውም።

ታንኩን የሚሞሉና የሚያራግፉ ዘዴዎችም ብዙ ናቸው። በውጭ አገር በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ በቆርቆሮ የታሸገ ፈሳሽ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ወደ ታንኩ ሲለቀቅ ውኃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ፈጣንና የሚያምር ዘዴ ቢሆንም ለእኛ ግን አልመክረውም። ተቀጣጣይ ጋዝ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን ማምጣት አይቻልም፤ ባለቀም ጊዜ ከገበያችን የሚተካ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የፒስተን ታንክ ግን እንደ መርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ውኃውን ስቦ የሚያስገባና ገፍቶ የሚያስወጣ ስለሆነ፣ ከባትሪ በቀር የሚያልቅበት ነገር የለም። ኢንጅል የተባለው የጀርመን ድርጅት የሚያመርታቸው ታንኮች በሙያው ውስጥ የታወቁ ናቸው።

እዚህ ላይ የጎንደርን ከፍታ በተመለከተ የመመሪያ ወረቀቶቹ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 78 ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ወለል ከፍታ ተገጥሞና ታሽጎ የመጣ፣ ሬዲዮውን፣ ሞተሩንና ታንኩን የያዘ ውኃ የማያስገባ ሲሊንደር ጎንደር ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እኛ የተቀበልነው ሲሊንደር ከካርቶኑ ሲወጣ የኋላ ክዳኑ ከቦታው ተንሸራትቶ፣ ኦሪንጉም (ክዳኑን የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት) ከገባበት ቦይ ግማሽ ለግማሽ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ሆኖ ውኃ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሬዲዮውም ሞተሩም በአንድ ጊዜ ይበላሹ ነበር። ስለዚህ ዕቃው እንደደረሰ ሲሊንደሩን ከፍታችሁ አየሩን አስተካክሉ፤ ኦሪንጎቹን ጠርጋችሁ ሲልከን ግሪስ ቀቡ፤ ከዚያም መልሳችሁ ዝጉት። ፒስተኑ ውኃ ሲስብ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ቦታ እንደሚጠበውም አስቡ። ሦስት ሊትር ነፃ አየር ያለበት ሲሊንደር ግማሽ ሊትር ውኃ ሲያስገባ የውስጡ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያድጋል፤ ማሸጊያው ደካማ ከሆነ አየሩ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ለብቻው ሳፋ ውስጥ አስምጣችሁ፣ ፒስተኑ ውኃ እንደ ሳበ ለአንድ ሌሊት ተዉት፤ ሲነጋ ውስጡ አንዲት ጠብታ እንኳ ከተገኘ ወደ ገንዳ አይሄድም።

ይኸው የግፊት ነገር ውኃ በቀዳዳዎቹ በሚገባበት የውጭ ቀፎ ውስጥ ለሚቀር አየርም ይሠራል። በባሕር ዳርቻ 100 ሚሊ ሊትር የሆነ የታሰረ አየር ሁለት ሜትር ሲጠልቅ ወደ 84 ይቀንሳል፤ በጎንደር ግን ወደ 80 ይወርዳል። ሞዴሉ በጠለቀ ቁጥር አየሩ ስለሚኮማተር ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከመጥለቁ በፊት ውኃው ላይ ግራና ቀኝ እያዘነበላችሁ አረፋው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቁ።

አሁን ወደ ቅርጹ ልምጣ። እውነተኛው ዓይነት ሰባት ሲ 67 ሜትር ርዝመትና 6.2 ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ በ1፡72 ሲቀነስ 93 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 8.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ስኪፕጃክ ግን 76.8 ሜትር ርዝመትና 9.6 ሜትር ገደማ ስፋት ስለነበራት፣ ሞዴሏ 107 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አላት። በገንዳ ዳር የሚቆም ሰው ሞዴሉን የሚያየው ከላይ ስለሆነ፣ ከጎን ሲታይ የሚያምረው የጀርመኑ ሰርጓጅ ከጠለቀ በኋላ ቀጭን መስመር ብቻ ይመስላል። መድፉ፣ መደገፊያ ሽቦውና ትናንሽ ዕቃዎቹም በሕፃናት እጅ ፈጥነው ይሰበራሉ። ስኪፕጃክ እ.ኤ.አ. በ1953 ከተሠራችው የአሜሪካ የሙከራ ሰርጓጅ ከአልባኮር የተወረሰውን የውኃ ጠብታ ቅርጽ ይዛ እ.ኤ.አ. በ1958 ውኃ ላይ የዋለች ሰርጓጅ ናት። ያ ቅርጽ የተመረጠው ለውኃ ላይ ጉዞ ሳይሆን ለውኃ ውስጥ ጉዞ በመሆኑ፣ ሞዴሏም ጠልቃ ስትነዳ መሪዋን ፈጥና ትታዘዛለች፤ ወፍራም ሆዷም ሲሊንደሩን እንደ ልብ ይይዛል። ጉዳቷ ክብደቷ ነው፤ ውኃ ስትሞላ ከ9 ኪሎ ግራም በላይ ስለምትሆን ከገንዳው ስትወጣ ሁለት ሰው ሆዷን ደግፎ ውኃው በቀዳዳዎቹ እስኪፈስ መጠበቅ አለበት። ከዚህ ዓይነት መርከቦች አንዷ የሆነችው ስኮርፒዮን እ.ኤ.አ. በ1968 ከ99 ሰዎች ጋር አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጠፍታለች፤ ከተመልካቾች መካከል «ሰምጦ የቀረ አለ?» የሚል አይጠፋምና ገለጻ የሚያደርገው ተማሪ ይህን አውቆ በአክብሮት ቢመልስ መልካም ነው።

ስለ ቀለሙ አንዳንድ የሞዴል ወዳጆች እንደማይስማሙብኝ አውቃለሁ። እውነተኛው የጦር ሰርጓጅ ጥቁር የሚቀባው እንዳይታይ ነው፤ የእናንተ ግን መታየት አለበት። ቢጫ ወይም ደማቅ ብርቱካናማ ቀቡት፤ ጥቁሩን ቀለም ለማስታወስ ከፈለጋችሁ እውነተኛውን መልክ የሚያሳይ ሥዕል ከገንዳው አጠገብ አቁሙ። ራቅ ብሎና ዝቅ ብሎ ለቆመ ሰው የውኃው ገጽ ከውስጡ ይልቅ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ፣ ተመልካቹ በደረጃ ወይም በሰገነት ላይ ከፍ ብሎ የሚቆምበትን ገንዳ ምረጡ። ነፋስ ገጹን ሳያናውጠው በጠዋት ብታሳዩም ይሻላል።

የሬዲዮው ጉዳይ ብዙዎችን ያሳስታል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ሪሞቶች አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ይህ ሞገድ ለአውሮፕላንና ለመኪና ሞዴል እጅግ ጥሩ ሲሆን ውኃ ውስጥ ግን ብዙም ሳይዘልቅ ይጠፋል። እንደ 27 እና 40 ሜጋኸርዝ ያሉ ዝቅተኛ ሞገዶች በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ለገንዳ ትርኢት የሚበቃ ጥልቀት ይደርሳሉ። ጨዋማ ውኃ ሁሉንም ስለሚያፍን፣ ገንዳው ብዙ ኬሚካል የተጨመረበት ከሆነ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ትእዛዝ ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲደክም ታንኩን በራሱ የሚያራግፍ መከላከያ መኖሩንም ሳታረጋግጡ አትግዙ። መጫወቻውን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፤ ለክፍል ውስጥ ሳፋ ይበቃል፣ ለሕዝብ ግን አይታይም።

ቦታውን በተመለከተ በአፄ ፋሲል መዋኛ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አይገባም። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ለበዓሉ ነው፤ ውኃው ተባርኮ ምእመናን የሚገቡበት ጠበል ስለሆነ ለሌላ ነገር ማሰቡ ተገቢ አይደለም። ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ ማሳየትም ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ፣ መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ይዘውት የሚገቡት ደለል ሐይቁን ስለሚያደፈርሰው ሞዴሉ ጥቂት እንደጠለቀ ከዓይን ይሰወራል። የአንገረብ ግድብ የከተማው የመጠጥ ውኃ ስለሆነ አይነካም፤ ሕዝቡ በውኃ እጥረት በሚቸገርበት ከተማ አዲስ ገንዳ መሙላትም ደስ አይልም። ስለዚህ የሚሻለው አስቀድሞ የሞላና የጠራ የሆቴል መዋኛ ነው። ርዝመቱ ከ10 ሜትር ያላነሰ፣ ጥልቀቱም አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ቢሆን በቂ ነው።

ሚዛን ማስያዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከባዱን ነገር ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርጉ፤ ይህ ካልሆነ ሞዴሉ ሲጠልቅ ይገለበጣል። ለክብደት ከጎሚስታ ቤት የሚገኘው የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ በትንንሹ ተቆርጦ በሆዱ ወለል ላይ ይለጠፋል፤ ለመንሳፈፊያ ውኃ የማይመጥ ፎም ከላይ በኩል ይገባል። ታንኩ ሞልቶ እንኳ የማማው ጫፍ ብቻ ከውኃው ብቅ እንዲል አድርጋችሁ ብትተዉት፣ የቀረውን ክንፎቹ ይጨርሱታል፤ አንድ ነገር ቢበላሽም ወደ ላይ ይመጣል። ይህን በትርኢቱ ዕለት ጠዋት በዚያው ገንዳ ውኃ ድገሙት፤ በ15 እና በ25 ዲግሪ ሙቀት መካከል ያለው የውኃ እፍጋት ልዩነት በ9 ኪሎ ሞዴል ላይ ወደ 20 ግራም ይደርሳልና፣ በቤት በርሜል የተስተካከለው በፀሐይ በሞቀ ገንዳ ይከብዳል።

የውኃ ውስጡን ለማሳየት ካሜራ በገንዳው ግድግዳ ላይ አስራችሁ በገመድ ወደ ቴሌቪዥን ብታገናኙ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የ220 ቮልት ማንኛውም ዕቃ ከውኃው ርቆና ከሕፃናት ተከልሎ ይቀመጥ። ዋና የሚችል አንድ አዋቂም በአጠገቡ ይቁም። የሬዲዮ መሣሪያውን ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጠይቁ። የገንዳውን ርዝመትና ጥልቀት እንዲሁም የሚገጠመውን የታንክ መጠን ቢልኩልኝ፣ ምን ያህል እርሳስና ፎም እንደሚያስፈልግ አስልቼ እጽፍልዎታለሁ።