የእንጨቷ ሱቅ ቀለም ለምን ተላጠ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ ነው። ባለፈው ዓመት ከግቢያችን በር አጠገብ ባለቤቴ ሻይና ዳቦ የምትሸጥባት፣ ወለሏ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ቁመቷ 2.2 ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሱቅ ሠራሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ደማቅ ሰማያዊ ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባኋት፤ ነገር ግን ገና ጥር ሳይገባ የምዕራቡ ግድግዳ አረፋ እያወጣ ተላጠ፣ ወደ መሬት የተጠጋው ጣውላም ጠቆረ። ቀለም ሻጩ ርካሽ ቀለም ስለገዛሁ ነው ይለኛል። አሁን በራሴ እጅ እንደገና ልቀባት አስቤአለሁና ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሻጩ የተናገረው ፈጽሞ ስሕተት ባይሆንም፣ ከገለጹልን እንደምንረዳው ዋናው ጥፋት የቀለሙ ሳይሆን የወሩ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ጣውላ ለሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ቢያገኝ ላዩ ይደርቃል እንጂ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ ዘይት ቀለም ደግሞ እንደ ክዳን ስለሚገጥም፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የምዕራቡ ግድግዳ በጋለ ቁጥር የታሰረው እርጥበት መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን እየገፋ አረፋ ያደርገዋል። በዚያው ወር ውድ ቀለም ቢቀቡም ኖሮ ውጤቱ ብዙ አይለይም ነበር።

ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይጀምሩ። መዳፍ የሚያህል ላስቲክ በጣውላው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው አንድ ቀን ያቆዩት፤ ከሥሩ ላብ ካዩ ሌላ ሳምንት ይታገሡ።

የላላውን ቀለም በስፓቱላ ፍቀው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለ መርዘኛ ብረት ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በ2010 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ቢወሰንም፣ የቀለምዎ ምንጭ በውል የማይታወቅ ከሆነ ላዩን በጥቂቱ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ልጆችን አርቀው ይሥሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደገና እስኪደርቅ መጠበቅ አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጣውላውን የተቆረጠ ጫፍ ነው። የእንጨት ቃጫ በዚያ በኩል እንደ ሸምበቆ ክፍት በመሆኑ፣ ጫፉ ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ውሃ ይመጥጣል፤ የታችኛው ጣውላዎ የጠቆረውም በዚህና ከመሬት በሚፈናጠር ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ሱቋን በብሎኬት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጓት፤ ጫፎቹንም እስኪጠግቡ ደጋግመው ይቀቡ። ምስጥን ፈርተው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተው ከሆነ፣ በዚያ ላይ ቀለም ስለማይዝ ጣውላውን መለወጥ ይቀላል።

የግድግዳው ዙሪያ 7 ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 15 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ሊትር ዘይት ቀለም በለሰለሰ እንጨት ላይ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ለሦስት ዙር 4 ሊትር የሚይዝ ጋሎን ለጥቂት ይበቃዎታል፤ ጣውላው ያልተላገ ከሆነ ግን ብዙ ስለሚጠጣ አንድ ሊትር ይጨምሩ። የመጀመሪያውን ዙር ብቻ በጥቂት ቲነር አቅጥነው ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ ያድርጉ፤ ቀጣዮቹን ማቅጠን ቀለም ከማባከን አይሻልም። በእያንዳንዱ ዙር መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። የሱሉልታ ሌሊት በበጋ ብርዱ የታወቀ ነውና፣ ጤዛው ከጠፋ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምረው 9 ሰዓት ሲሆን ቡሩሽዎን ይጠቡ፤ ጤዛ ያገኘው እርጥብ ቀለም ወዙ ይጠፋል። ፀሐይ የሚመታውን ሳይሆን ጥላ ያረፈበትን ግድግዳ ይከተሉ። ለምዕራቡ ግድግዳ ከደማቁ ሰማያዊ ይልቅ ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢመርጡ ሙቀቱ ይቀንስለታል።

የሱቋን ውስጥ ግን በዘይት ቀለም አይቀቡት፤ ጣውላው በዚያ በኩል ይተንፍስ፣ የባለቤትዎም ዳቦ የቀለም ሽታ አይጠጣ።