ካምሻፍትና ኮምፕሬሽን፦ የጎንደርን ዳገት ለሚወጣ አሮጌ ሞተር (ጥያቄና መልስ)

«አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ሞተር ልታሠሩ የምታስቡ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። አብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) እና ኮምፕሬሽን (ሞተሩ የገባውን አየርና ቤንዚን መጨመቁ)። ስለዚህ ዛሬ እዚያው ላይ እንቆይ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ የ1300 ቮልስ ሞተር አውርጄ እያሠራሁ ነው። ዘመድ ከውጭ «ስፖርት» ካምሻፍት አመጣልኝ። ፒስተኑም ሲሊንደሩም የፋብሪካው ዓይነት ነው። ዝም ብዬ ልግጠመው?

አይ፣ ቆይ። መጀመሪያ አብሮት የመጣውን ወረቀት አንብብ። አንድ ቁጥር ፈልግ፦ የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ ታች ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ዋናው የሞተር ዘንግ ስንት ዲግሪ ሲዞር ነው? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር የማስገቢያው ቫልቭ ገና ክፍት ነው። እስኪዘጋ ድረስ ምንም አይጨመቅም። ስፖርት ካም ደግሞ ቫልቩን አዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይህ ይጠቅማል፤ አየሩ እየሮጠ ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ላይ ጀምሮም መግባቱን ይቀጥላል። ቀስ ብሎ ሲዞር ግን የገባው አየርና ቤንዚን በመጣበት ተመልሶ ይወጣል።

በቁጥር ላሳይህ። የ1300 ቮልስ ፒስተን ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር፣ ጉዞው 69 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ሲሊንደር 321 ሲሲ ይይዛል። ሬሾው (ፒስተኑ ታች ሳለ ያለው ቦታ፣ ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ስንት እጥፍ እንደሆነ) 7.3 ከሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 51 ሲሲ ነው። ቫልቩ 40 ዲግሪ ላይ ቢዘጋ ለመጭመቅ የሚቀረው ጉዞ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞተሩ በተግባር የሚያገኘው ሬሾ 6.7 ነው ማለት ነው። 70 ዲግሪ ላይ ቢዘጋ ግን የሚቀረው 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሬሾው ወደ 5.6 ይወርዳል። ያንን የጠፋ ለመመለስ በወረቀት ላይ ያለውን ሬሾ ከ7.3 ወደ 8.9 ማድረስ ሊኖርብህ ነው። ቮልስ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የሚወስድለትም ያንሳል። እኔ ለዘወትር መኪና 8.9 አልደፍርም።

ይህን ስህተት እኔ ራሴ በእጄ ሠርቼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ የአንድ ደንበኛ ቮልስ ላይ ትልቅ ካም ገጥሜ ኮምፕሬሽኑን ሳልነካ ዘጋሁት። ሜዳ ላይ በከፍተኛ ዙር ደስ ይል ነበር። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ግን በሦስተኛ ማርሽ መተንፈስ አቃተው። ሰውየው ምንም አላለኝም፤ ቁልፉን ብቻ ሰጠኝ። ሞተሩን እንደገና አውርጄ በራሴ ወጪ የድሮውን ካም መለስኩለት። እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ምክሬ ይኸውልህ። 50 ዲግሪ አካባቢ የሚዘጋ ለስላሳ ካም ፈልግ። ከዚያ በፒስተኑ አናትና በሲሊንደሩ ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ትርፍ ካለው 1 ሚሊ ሜትር ብትቀንስለት ከ51 ሲሲው 4.7 ያህል ይወጣል፤ ሬሾው 7.9 ይሆናል። ነገር ግን ከቅነሳው በኋላ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ትርፍ ከሌለው እሱን ተወው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ሥራ።

ከዚያው ከማራኪ፦ ሬሾውን እንዴት ነው የምለካው?

መርፌ የሌለው የ20 ሲሲ ስሪንጅ ከፋርማሲ ግዛ። ቴስታታውን ገልብጠህ ሚዛኑን ጠብቀህ አስቀምጥ። ቫልቮቹና ካንዴላው ገብተው ይዘጉ። መሐሉ የተበሳ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም መስታወት በግሪስ ለጥፍበት። በቀዳዳዋ ነጭ ጋዝ በስሪንጅ እየለካህ ሙላ፤ አረፋ እንዳይቀር። የገባው ሲሲ የቴስታታው ነው። በፒስተኑ አናት ያለውን ክፍተት፣ ጉርኒሲዮን (በመካከል የሚገባ ማሸጊያ) ካለም የእሱን ውፍረት በሲሲ ቀይረህ ደምርበት። ከዚያ የሲሊንደሩን ሲሲ ለዚህ ድምር አካፍልና 1 ጨምር። አራቱንም ለካ። የአንዱ ሬሾ ብቻውን ከፍ ብሎ ከተገኘ ቀድሞ የሚያንኳኳው (ነዳጁ በራሱ የሚፈነዳበት) እሱ ነው።

ከአዘዞ፦ መካኒኩ ኮምፕሬሽን ለካና 5.5 ባር አገኘ። የመኪናው መጽሐፍ 7 ይላል። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። እውነት ነው?

ወንድሜ፣ አታስወርደው። ገና ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው። 7ን በ0.78 አባዛው፤ 5.5 ይመጣል። ያንተ ሞተር ልክ መጽሐፉ ያለውን እየሰጠ ነው! በዚህ የተነሳ ስንት ጤነኛ ሞተር ያለ ጊዜው እንደተከፈተ ሳስብ ያመኛል።

ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እይ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ትንሽ ዘይት ጨምረህበት ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም ጉርኒሲዮኑ። ስትለካ ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላው ሁሉ ይውጣ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከዚህ በፊት ካም ተቀይሮ ከሆነም ንገረኝ፤ አዘግይቶ የሚዘጋ ካም ይህን ቁጥር ብቻውን ያወርደዋል።

ከደባርቅ፦ ላንድሮቨር ሲሪስ፣ 2.25 ቤንዚን አለኝ። አንዳንዴ ሥራ ወደ መተማ ይወስደኛል። ኮምፕሬሽን ልጨምር?

የዚህን ሞተር ቴስታታ ፋብሪካው ራሱ ሁለት ዓይነት አድርጎ ሠርቶታል፤ ባለ 7 እና ባለ 8 ሬሾ። ባለ 8ቱን ካገኙ ይግጠሙት። ካሙን ግን አይንኩት። ከታች ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ለእርስዎ መንገድ ከሱ የተሻለ የለም።

መተማ ሌላ ዓለም ነው። ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱም ከባድ ነው። ደባርቅ ላይ ጸጥ ያለ ሞተር እዚያ ወፍራም አየር ሲያገኝ ሊያንኳኳ ይችላል። ድምፁ ጭነት ላይ ሲረግጡት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጠቀጥ ነው። ከሰሙት እግርዎን ያንሱ፣ ስፒንትሮጅኑን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) በ2 ወይም 3 ዲግሪ ወደኋላ ይመልሱ። ሲመለሱ መልሰው ያስተካክሉት። «ይለምደዋል» የሚልዎትን አይስሙ። ፒስተን የሚበሳው እንደዚያ ነው።

ከፒያሳ፦ የአባቴ ፊያት 600 አለች። የምፈልገው ተነስታ ቤተ ክርስቲያን እንድታደርሰኝ ብቻ ነው። ካም መቀየር አለብኝ?

የለብሽም፣ እህቴ። የፋብሪካው ካም ካልተበላ ይቆይ። ፋሻ፣ ቫልቭ፣ ብሮንዚና (ዘንጎቹ የሚዞሩበት መቀመጫ)፣ የካርቡራተር ጽዳት። ይበቃታል።

ከአራዳ፦ የዲኤክሴ ቴስታታ ተጣሞ ቶርኖ ቤት ፊቱ ተላገ። ካሙ ላይ ለውጥ ያመጣል?

4ኬ ሞተር ከሆነ ካሙ ብሎኩ ውስጥ ስለሆነ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱ አይዛባም። የቫልቭ ክፍተቱን ግን እንደገና አስተካክል፤ ቴስታታው ዝቅ ስላለ መግፊያ ዘንጎቹ አሁን ትንሽ የረዘሙ ያህል ሆነዋል። ላዳ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር። የላዳ ካም ከላይ ነው፤ ቴስታታው ዝቅ ሲል ሰንሰለቱ ካሙን ያዘገየዋል፣ ቫልቩም ዘግይቶ ይዘጋል።

ሌላው፣ ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ቀርበዋል። ካሙም ከተቀየረ ይህን ሳታረጋግጥ አታስነሳ። የልጆች ፕላስቲሲን ፒስተኑ ላይ ለጥፈህ ሞተሩን በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። ከፍተህ ስስ የሆነውን ቦታ ለካ። ለማስገቢያው 2፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊ ሜትር ከሌለው አቁም።

ከማራኪ፣ እንደገና፦ እሺ፣ ለስላሳውን ካም አገኘሁ። የድሮዎቹን ፑንተሪያዎች ልጠቀም?

በፍጹም። ፑንተሪያ ካሙ የሚገፋው፣ እሱም መግፊያ ዘንጉን የሚገፋ ክፍል ነው፤ አዲስ ካም አዲስ ፑንተሪያ ይፈልጋል። አሮጌው ከአሮጌው ካም ጋር ተላምዶ ተበልቷል፤ አዲሱን በጥቂት ቀን ይፍቀዋል። ስትገጥም የካም ቅባት ቀባ። የማቀጣጠያ ሰዓቱንና ካርቡራተሩን አስቀድመህ አስተካክል፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ መነሳት አለበት። እንደተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) እንዲቆም አትተወው። ለ20 ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረግህ ያዘው። ከዚያ ዘይቱን ቀይር። የአራቱን ሲሊንደር ሲሲና የካሙን ወረቀት ግን ሳትዘጋው በፊት ላክልኝ፤ አብረን እናስላው።