ካርታው ሳይጸድቅ ተናገሩ፦ ከፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከፍሎሪዳ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ጭንቀታቸው አንድ ነው። ካውንቲው ወይም ከተማው የመሬት አጠቃቀም ካርታውን መስመር ያንቀሳቅሳል። ትናንት በኤከር ሁለትና ሦስት ቤት ብቻ ይፈቀድበት የነበረ የባሕር ዳርቻ መሬት ለአፓርትመንትና ለኮንዶ ይከፈታል። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ቤት የገዙ ወገኖቻችን «ማን ጠየቀን?» ይላሉ። ከደብዳቤዎቹ ጥቂቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

«ከቤቴ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ማስታወቂያ ተተክሏል። "የወደፊት የመሬት አጠቃቀም ካርታ ማሻሻያ" ይላል። ይሄ ዞኒንግ ማለት ነው? አሁን ልጨነቅ ወይስ ግንባታው ሲጀመር?»

አሁን ይጨነቁ። በጣም አሁን።

ዞኒንግ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቦታ ምን ዓይነትና ምን ያህል ሕንጻ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ደንብ፣ አይደለም፤ የዞኒንግ እናት ነው። ከ1985 ወዲህ በፍሎሪዳ እያንዳንዱ ካውንቲና ከተማ አጠቃላይ ዕቅድ፣ እነሱ «ኮምፕሪሄንሲቭ ፕላን» የሚሉት፣ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። የወደፊት የመሬት አጠቃቀም ካርታው የዚያ ዕቅድ አካል ነው። ዞኒንጉም፣ የግንባታ ፈቃዱም ከዕቅዱ ጋር መስማማት አለባቸው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው ቀለም አንዴ ከተቀየረ ቀሪው በሩ ተከፍቶ ይጠብቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ካርታ ሲቀየር ዶዘር የለም፣ አቧራ የለም፣ ድምፅ የለም። ሰው የሚነቃው ዛፉ ሲወድቅ ነው።

ሁለት ነገር በደንብ ይያዙልኝ። አንደኛ፣ ማሻሻያው ከጸደቀ በኋላ የመቃወሚያ አቤቱታ ማስገቢያው 30 ቀን ብቻ ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ለክፍለ ግዛቱ የአስተዳደር ጉዳዮች ዳኛ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ለመክሰስ ከመጽደቁ በፊት ተቃውሞዎን ወይም አስተያየትዎን በቃል ወይም በጽሑፍ ያቀረቡ መሆን አለብዎት። ቤትዎ አጥሩ ሥር ቢሆንም፣ ያኔ ዝም ካሉ «ያኔ የት ነበሩ?» ተብለው ይመለሳሉ። አንድ የማውቃቸው አባት ፎቶውን፣ ካርታውን፣ የጎረቤቶቻቸውን ፊርማ በወፍራም ፋይል አሰናድተው ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ጠበቃው ፋይሉን ሳይከፍት አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፦ «ስብሰባው ላይ ተናግረዋል?» አልተናገሩም ነበር። ፋይላቸውን ይዘው ተመለሱ።

ቦታው ከ50 ኤከር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ «አነስተኛ ማሻሻያ» ይባላል። የካውንቲው ወይም የከተማው ምክር ቤት አባላት፣ ማለትም ኮሚሽነሮቹ፣ ፊት አንድ ጊዜ ቀርቦ በዚያው ሊጸድቅ ይችላል። ይህ ጣሪያ እስከ 2021 ድረስ 10 ኤከር ነበር። «ሁለተኛው ስብሰባ ላይ እደርሳለሁ» ብለው አይዘናጉ።

ከጸደቀ በኋላ ኮሚሽነሮቹን ለምኖ ማስመለስም እንደ ድሮው አይደለም። በ2025 የወጣው «ሴኔት ቢል 180» የተባለው ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች እስከ ኦክቶበር 2027 ድረስ ዕቅዳቸውን ካለው ይበልጥ ጠበቅ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ማላላት ይቻላል፤ ማጥበቅ ግን አይቻልም።

«ከበረንዳዬ ባሕሩ ይታየኛል። ቤቱን የገዛሁት ለዚያ ነው። ፊት ለፊቴ ሰባት ፎቅ ሊቆም ነው። እይታዬን መከልከል ይችላሉ?»

ባዝንም፣ አዎ። የፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ይህን በ1959 ቆርጦታል። በማያሚ ቢች ፎንቴንብሎ የተባለው ሆቴል ባለ 14 ፎቅ ተጨማሪ ሕንጻ ሠራ። በብርድ ወራት ከሰዓት በኋላ ጥላው የጎረቤቱን የኤደን ሮክ ሆቴል መዋኛ ይሸፍነው ጀመር። ኤደን ሮክ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጎረቤት መሬት ላይ ተሻግሮ የሚመጣ ብርሃንና አየር የማግኘት መብት የለም አለ። ለትልቅ ሆቴል ያልተገኘ መብት ለበረንዳችን አይገኝም። ስብሰባው ላይ ያለዎትን ሦስት ደቂቃ በእይታ አይጨርሱት።

«ታዲያ በምን እንከራከር? ትራፊክ ብንል፣ የሰፈሩ መልክ ተበላሸ ብንል አልሰሙንም።»

የውሃውንና የመውጫውን ሰዓት ያንሱ። በባሕር ዳርቻ ጉዳይ የሕጉ ጥርስ ያለው እዚያ ነው።

ሕጉ «የባሕር ዳርቻ ከፍተኛ አደጋ ቀጠና» የሚለው ቦታ አለ። ምድብ 1 ሃሪኬን (ከአምስቱ ምድቦች ደካማው፤ ምድብ 5 ከሁሉ ብርቱው ነው) እየገፋ የሚያመጣው የባሕር ውሃ ይደርስበታል ተብሎ በኮምፒውተር ሞዴል ከተሰላው ከፍታ በታች ያለ መሬት ነው። በዚህ ቀጠና ውስጥ የነዋሪውን ቁጥር የሚጨምር ማሻሻያ ሲመጣ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ምድብ 5 ማዕበል ቢመጣ ሰዉ በስንት ሰዓት ይወጣል? ካውንቲው የራሱን መለኪያ አውጥቶ ከሆነ ያ መጠበቅ አለበት። ካላወጣ ከካውንቲው ለመውጣት ከ16 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ወይም ደግሞ ሰዉ በ12 ሰዓት ውስጥ መጠለያ የሚደርስ፣ መጠለያውም ቦታ ያለው መሆን አለበት። ሦስተኛ መንገድም አለ። አልሚው ገንዘብ ከፍሎ፣ መሬት ሰጥቶ፣ ለመጠለያ ወይም ለመንገድ አዋጥቶ ጉዳቱን ማካካስ ይችላል። ስለዚህ ማካካሻው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው በግልጽ ይጠይቁ።

ቀጠናው ራሱ መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ ይንቀሳቀሳል። እስከ 2006 ድረስ ቀጠናው የሚለካው በምድብ 1 የመልቀቂያ ክልል ነበር። በዚያ ዓመት ትርጉሙ ተቀይሮ ወደ ውሃው ከፍታ ተወሰደ። ከካውንቲው የቅርብ ጊዜውን ካርታ ይጠይቁና ቦታው ከመስመሩ ውስጥ ይሁን ውጭ በራስዎ ዓይን ያረጋግጡ።

ይህ ክርክር ክብደት እንዳለው «ፍሎሪዳ ኪስ» (Florida Keys) በተባሉት ደሴቶች ታይቷል። እዚያ ነዋሪው ሃሪኬን ሲመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት የሚል ሕግ ነበር። መውጫው አንድ አውራ ጎዳና ነው። 1,300 ተጨማሪ የሠራተኛ መኖሪያ ቤቶችን ለመፍቀድ ዕቅዶች ሲሻሻሉ ነዋሪዎች ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ቢያንስ በከፊል ሰማቸው። በ2023 ግን የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ጣልቃ ገብቶ ለቤቶቹ መንገድ ከፈተ። ፍርድ ቤት ያሸነፉትን ምክር ቤት ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ለክፍለ ግዛት ተወካያችሁም ጻፉ።

አንድ ስብሰባ ላይ ያየኋትን ሴት አልረሳትም። ከእሷ በፊት የተናገሩት ሁሉ ተቆጥተው ነበር። እሷ አልተቆጣችም። አንድ ፎቶ ብቻ ይዛ መጣች። የጋራዥዋ በር ነው፤ ሜትር ተደግፎበታል፤ ውሃው 11 ኢንች ላይ ቆሟል። «ይህ ሃሪኬን አይደለም፣ ተራ የማክሰኞ ዝናብ ነው» አለች። ከዚያ ከቤቷ ጀርባ ያለው መሬት በአፈር ከፍ ሲደረግ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የካውንቲውን ባለሙያ ጠየቀችው። ስልካቸውን ይነካኩ የነበሩት ኮሚሽነሮች ቀና አሉ። የእሷ ጥያቄ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የሌሎቹ ቁጣ ግን አብሮ አልገባም።

«ብናሸንፍ የተሠራው ሕንጻ ይፈርሳል? ጠበቃስ ስንት ያስወጣናል?»

ፈርሶ ያውቃል። በማርቲን ካውንቲ፣ ፓይንክረስት ሌክስ በተባለ ሰፈር፣ በኤከር አንድ ቤት እንኳ በማይሞላበት ቦታ አጠገብ ካውንቲው በኤከር 6.5 መኖሪያ የሚያርፍበት አፓርትመንት ፈቀደ። ጎረቤቶች ከዕቅዱ ጋር ይጋጫል ብለው ከሰሱ። አልሚው ክርክሩ ሳያልቅ ግንባታውን ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ ይፍረስ አለ። አልሚው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እከስራለሁ ብሎ ይግባኝ ቢልም በ2001 ተሸነፈ፤ ሕንጻዎቹም ፈረሱ።

ይህን ሰምታችሁ ግን ዘላችሁ አትግቡ። እዚያ የተከሰሰው ፈቃዱ ነው እንጂ ዕቅዱ አልነበረም። ዕቅዱ ራሱ ሲሻሻል የዳኛው ሚዛን ወደ መንግሥት ያጋድላል። በትልልቆቹ ማሻሻያዎች ላይ ጉዳዩ «በሁለቱም በኩል ሊያከራክር የሚችል» ከሆነ መንግሥት ያሸንፋል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ወጪው ነው። ፈቃድን በመቃወም ለሚቀርብ ክስ ከ2019፣ ዕቅድን በመቃወም ለሚቀርብ አቤቱታ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ተራ ባለቤት ከትልቅ አልሚ የጠበቃ ቡድን ጋር ገብቶ ቢሸነፍ ቤቱን የሚነካ ዕዳ ሊመጣበት ነው። እኔ ይህን ሕግ ፍትሐዊ ነው አልልም። ሰዉን ያስፈራዋል፤ ውጤቱም ዝምታ ነው። ቢሆንም ሕግ ነው። ብቻችሁን አትግቡ። የመሬት አጠቃቀም ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ያዙና ከመፈረማችሁ በፊት «ብንሸነፍ ምን ያህል እንከፍላለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ለምን ሕዝቡ ድምፅ አይሰጥበትም?»

በ2010 ፍሎሪዳ ውስጥ ይህ ሐሳብ «ማሻሻያ 4» ተብሎ ለምርጫ ቀርቦ ነበር። መራጩ በሰፊ ልዩነት ጣለው። ዛሬ ሕጉ እንዲህ ዓይነት ሕዝበ ውሳኔ በአብዛኛው አይፈቅድም።

«አንድ አሮጌ የገበያ ማዕከል ላይ አፓርትመንት ሊሠራ ነው። ስብሰባ እንኳ አልተጠራም። ሕገ ወጥ አይደለም?»

ላይሆን ይችላል። በ2023 የወጣው «ሊቭ ሎካል» የተባለ ሕግ አለ። በንግድ፣ በኢንዱስትሪ ወይም በቅይጥ ቦታ ላይ የሚሠራ የኪራይ አፓርትመንት 40 በመቶው ለ30 ዓመት በተመጣጣኝ ዋጋ የሚከራይ ከሆነ፣ ያለ ሕዝባዊ ስብሰባ በቢሮ ደረጃ ይጸድቃል። 40 በመቶው በእርግጥ ተሟልቶ እንደሆነ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ።

«እኔ ተከራይ ነኝ። ሁለት ሥራ እሠራለሁ፣ ኪራዩ አናቴ ላይ ወጥቷል። ቤት ያላቸው ወገኖቻችን አፓርትመንት አይሠራ ሲሉ ስሰማ ልቤ ይደማል። እናንተስ ለማን ነው የምትጽፉት?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነት አለህ። ከነዚህ ተቃውሞዎች አንዳንዶቹ ስለ ውሃ እያወሩ ልባቸው ውስጥ ያለው «እነዚያ ሰዎች አይምጡብን» ነው። እንዲህ ዓይነቱን አልደግፍም። ከ30 ዓመት በፊት እኛም «እነዚያ ሰዎች» ነበርን።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከማዕበሉ መስመር በታች ርካሽ አፓርትመንት ቢሠራ አንደኛ ፎቅ የሚደርሰው ማን ነው? መኪና የሌለው፣ አለቃው ፈረቃ አትቅር ያለው፣ ልጅ ያዘለች እናት። ባለቤቱ ኢንሹራንስ አለው፤ ተከራዩ ፍራሹን ነው የሚያጣው። አፓርትመንት ይሠራ፣ በብዛት ይሠራ፤ ግን ከፍ ባለው መሬት ላይ፣ አውቶቡስ በሚደርስበት ይሁን። ባለቤቶቹንም የምለምናቸው «አይሠራ» ከማለት «እዚያ ይሠራ» ብለው ቦታውን በጣት እንዲያሳዩ ነው።

ደግሞ ሕጉ የመናገር መብት የሰጠው ለባለቤት ብቻ አይደለም። በከተማው ወይም በካውንቲው ውስጥ የሚኖር ሁሉ፣ ተከራይም ቢሆን፣ መናገርም አቤቱታ ማቅረብም ይችላል። አንተም ሂድ።

«ልጄ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ማይክ ፊት ቆሜ መናገር ያሸብረኛል። ዝም ብል መብቴ ይቀራል?»

እናቴ፣ መናገር አይጠበቅብዎትም። በጽሑፍ የቀረበ አስተያየት በቃል እንደተነገረው እኩል ይቆጠራል። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ አጠር ያለ ደብዳቤ ይጻፉልዎ። ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው የማሻሻያ ቁጥር፣ «እቃወማለሁ» የሚል ቃልና ምክንያትዎ ይኑርበት። ቢሮው ድረስ ወስደው ይስጡ። ሁለት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ ላይ ቀን ያለበት ማኅተም ያስመቱና ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱት።